ጥሬ ገንዘብ ለቤተሰብ፣ እናት ፍየል ለመንጋው

ድርቅ ሲበረታ ገበያው በከሳ እንስሳ ይሞላል፤ ዋጋውም ይወድቃል። የእህል ዋጋ ግን ይወጣል። ዱቄት መግዣ ያጣ ቤተሰብ ያለውን ይሸጣል፤ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትወልደው ፍየል ናት። እሷ ከተሸጠች ወተቷም የከርሞ ግልገሏም አብረው ይሄዳሉ፤ ዝናብ ሲመለስ መንጋውን የሚተካ እናት አይኖርም። የዛሬው ትምህርታችን ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ ይህን ጉዳት ምን ያህል ሊከላከል እንደሚችል ያሳያል።

ምን ማለት ነው?

ተቀባዩ በምትኩ ሥራ አይጠየቅም፤ ገንዘቡንም በፈለገው ላይ ያውለዋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አብዛኛው ተጠቃሚ በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፎ ይከፈለዋል። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው «ቀጥታ ድጋፍ» ግን ያለ ሥራ የሚገኝ ነው።

ከራሪዬዳ የተገኘ ትምህርት

በምዕራብ ኬንያ ሲያያ ውስጥ በምትገኘው ራሪዬዳ፣ ጊቭ ዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት በዕጣ ለተለዩ ድሃ ቤተሰቦች በኤምፔሳ ገንዘብ ላከ። ሃውስሆፈርና ሻፒሮ የተባሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። የተቀባዮቹ ፍጆታ ጨመረ፤ የእንስሳት ሀብታቸውም አደገ። ደስታቸውና በኑሮ ያላቸው እርካታ ከፍ አለ፣ ጭንቀታቸው ቀለል አለ። «ብሩ በመጠጥ ያልቃል» የሚለው ስጋት ግን አልታየም፤ ለመጠጥና ለትምባሆ የወጣው ገንዘብ አልጨመረም።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር የአከፋፈሉ ሁኔታ ነው። 25,200 ሽልንግ ለአንዳንዶቹ በአንድ ጊዜ፣ ለሌሎቹ በ9 ወር ተከፋፍሎ ተሰጠ። በየወሩ የተቀበሉት ይበልጥ የምግብ ዋስትናቸው ተሻሻለ፤ በአንዴ የተቀበሉት ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለ ቋሚ ንብረት ላይ አዋሉት። ትንሽ በትንሽ የሚመጣ ብር ማዕድ ይሞላል፤ በአንዴ የሚመጣ ብር ንብረት ይገዛል።

በአርብቶ አደሩ አገር

በሰሜን ኬንያ ቱርካና፣ ማርሳቢት፣ ዋጂርና ማንዴራ፣ የረሃብ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለድሃ ቤተሰቦች በየሁለት ወሩ ገንዘብ ሲከፍል ቆይቷል፤ ክፍያው በአንድ ወቅት 5,400 ሽልንግ ደርሶ ነበር። በሳተላይት የሚታየው የግጦሽ ሁኔታ ሲከፋ ለተጨማሪ ቤተሰቦችም ይከፈላል። በዚህ መጠን ብዙ እንስሳ መግዛት አይቻልም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የሳምንቱ ዱቄት ከተሸፈነ እናቲቱን በርካሽ የመሸጥ ግዴታ ይቀራል፤ ባለሱቁም የሚመጣውን ክፍያ አይቶ በዱቤ ይሰጣል።

ገንዘብ የማይሞላው

ብር ሣር አያበቅልም። ውኃ በደረቀበት፣ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ በገባበትና ክትባት በሌለበት አካባቢ በክፍያ የተገዛ እንስሳ ሊያልቅ ይችላል። ክፍያ ከዘገየም ቤተሰቡ ተመልሶ ወደ መሸጥ ይገባል።

ምን እናድርግ?

• ክፍያ የሚያገኙ አርቢዎች፦ መጀመሪያ የቤቱን ቀለብ፣ ቀጥሎ የእናቶቹን መኖና ክትባት ይሸፍኑ። አዲስ እንስሳ የሚገዛው ግጦሹ ሲያገግም ነው። መሸጥ ግድ ከሆነ ወጠጤውንና የማትወልደውን አስቀድመው፣ ሳይከሱ ያውጡ።

• ነጋዴዎች፦ ዛሬ በርካሽ የተገዛች እናት የከርሞ አቅርቦት ጉድለት ናት። ወንዱን በተገቢ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ከዓመት ዓመት የሚሸጥለት ደንበኛ ያገኛል።

• የድጋፍ ሰጪዎች፦ ክፍያው ከብቱ ከመክሳቱ በፊት ይድረስ። መንጋውን ለመጠበቅ በየጊዜው የሚከፈል፣ መንጋ ላለቀበት ደግሞ በአንዴ የሚሰጥ ይሻላል።

ለመወያያ

1. ባለፈው ድርቅ በቀበሌያችን መጀመሪያ የተሸጠው የትኛው እንስሳ ነበር? ለምን?
2. የሁለት ወር ቀለብ ቀድሞ በእጅ ቢኖር ኖሮ ስንት እናቶች በበረት ይቀሩ ነበር?