አደይ ነው ወይስ መጭ?

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ ከዳንግላ ወጣ ብሎ በሚገኘው በእናቴ አገር ቢጫ አበባ የዋጠው ማሳ ዳር ቆሜ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው እውነት ለመናገር ጥሩ ነበር። ጥቅምት ላይ በዲፓርትመንታችን የግድግዳ ጋዜጣ ሲወጣ ከሥሩ «ምድር አደይ አበባዋን ለበሰች» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼም መምህራንም አደነቁልኝ፤ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

በዚያው ወር አጎቴ ለሕክምና አዲስ አበባ መጡ። ኩራት ብጤ ይዞኝ ፎቶውን አሳየኋቸው። ትክ ብለው አዩና «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽበት?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «አንቺ፣ ይሄ እኮ መጭ ነው! አደዩ የታለ? ጤፍ ውስጥ ስንነቅለው ወገባችን የሚቆረጠውን ነው እንዴ አደይ ያልሽው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና ማሳው የማን እንደሆነ ነገሩኝ። ባለቤቱ ክረምቱን ሙሉ ታሞ ተኝቶ ሳይታረም የቀረ ጤፍ ነው። እኔ የአዲስ ዓመት ውበት ብዬ የለጠፍኩት የአንድ ቤት የዓመት ቀለብ መጉደል ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። የዕፅዋት ተማሪ አይደለሁም፤ ግን ከፎቶ ሥር ስም የምንጽፍ ሰዎች ቢያንስ ሁለቱን መለየት አለብን ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁላችሁም የምታደርጉትን ነው፦ ዙሪያውን ያሉትን ቢጫ ምላሶች ቆጠርኩ። ከንቱ ድካም! አደዩም ላይ ብዙውን ጊዜ ስምንት፣ መጩም ላይ ብዙውን ጊዜ ስምንት። ቀለማቸውም ያው ቢጫ ነው። ሁለቱም የሱፍ ዘመዶች ናቸው፤ ሳይንሱ አስተሬሴ ከሚለው ሰፊ ቤተሰብ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እኛ «አንድ አበባ» የምንለው በእርግጥ አንድ አይደለም፤ ብዙ ትንንሽ አበቦች በአንድ ራስ ላይ ተሰብስበው ነው። ዳር ያሉት ምላስ ያወጣሉ፣ መሃል ያሉት እንደ ቱቦ ጠባብ ናቸው። ሱፍን ያየ ሰው ይገባዋል። ታዲያ ፊት ለፊት ሲታዩ ቢመሳሰሉ ምን ይገርማል? ካሜራችን ደግሞ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው የሚያነሳው።

አራት ኪሎ ከሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ሄጄ የደረቁትን ናሙናዎች ሳይ የገባኝ ነገር፣ እዚያ ያሉ ሰዎች አበባውን ፊት ለፊት ብዙም አያዩትም። ይገለብጡታል። ቅጠሉን ያያሉ፣ ጀርባውን ያያሉ፣ ፍሬውን ያያሉ። ከዚያ በጥቅምት መጨረሻ ከአንድ የክፍሌ ልጅ ጋር ሱሉልታ ወጥተን ሁለቱንም ከነአገዳቸው ቆርጠን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ጊዜው ጥሩ ነበር፤ አደዩ መርገፍ ስለጀመረ ፍሬም አገኘንበት።

ቅጠሉ ቶሎ ይናገራል። በብዛት አደይ የሚባለው ቢደንስ ማክሮፕቴራ ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሸነሸነ ነው። የመጭ ቅጠል ግን አንድ ወጥ ነው፤ ረዘም ያለ፣ አገዳውን ከሥሩ እቅፍ ያደረገ፣ በእጅ ሲዳሰስ ሻካራ። በሳይንስ ስሙ ጉይዞትያ ስካብራ መባሉም ከዚሁ ነው፤ ስካብራ በላቲን ሻካራ ማለት ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ብቻ መለየት ትችላላችሁ፤ እኛ ተወራርደን ሞክረነዋል፣ እሱ ምሳ ገዛ።

ቅጠሉ ካልበቃችሁ አበባውን ገልብጡት። አደይ ከጀርባው ሁለት ዓይነት ልብስ አለው፤ ውጪ ጠበብ ያሉ አረንጓዴ፣ ውስጥ ደግሞ ሰፋ ያሉ፣ ስስ፣ መስመር መስመር ያላቸው። መጭ ላይ ጎልተው የሚታዩት ውጪ ያሉት አረንጓዴዎቹ ናቸው። ፍሬ ከተገኘማ ክርክሩ አለቀ። የማክሮፕቴራ ፍሬ ጠፍጣፋና በሁለት ጎኑ ክንፍ ያለው ነው፤ ስሙም በግሪክኛ «ትልቅ ክንፍ» ማለት ነው። የመጭ ፍሬ ደቃቅ፣ ጥቁር፣ ክንፍም እሾህም የሌለው። በነገራችን ላይ ያ ልብሳችን ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረን ጨጎጎት ቢደንስ ፒሎሳ ነው፣ የአደይ የቅርብ ዘመድ። የበዓላችን አበባ ከጨጎጎት ጋር አንድ ወገን መሆኑን ስሰማ ትንሽ ከፋኝ፣ ምን ይደረግ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። «አደይ አበባ» ሕዝቡ ለአንድ ዝርያ ብቻ የሰጠው ስም አይደለም። ቢደንስ ፓኪሎማም፣ ቢደንስ ፕሬስቲናሪያም አደይ ይባላሉ። እነዚህን እርስ በርስ መለየት ለእኔና ለእናንተ ከባድ ነው፤ መስፍን ታደሰ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ ቅጽ ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ አስፍረውታል፤ የፈለገ እዚያ ይመልከት። ለጋዜጣ ግን ሁሉንም አደይ ብንል ሐሰት አይሆንም፣ ባለቤቱ ሕዝቡ እንዲያ ብሏላ። መጭን አደይ ማለት ነው ሐሰቱ፤ ገበሬው ለእሱ ሌላ ስም አለው።

የሚብሰው ፈተና ኑግና መጭ ናቸው። ኑግ፣ ያው ዘይት የምናወጣበት፣ ጉይዞትያ አቢሲኒካ ነው፤ ከመጭ ጋር አንድ ወገን። ተመራማሪዎች ኑግ ከመጭ ወገን ከሆነ የዱር ተክል ወጥቶ በአገራችን ደጋ የለመደ ነው ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ቅጠሉም ቢሆን ያምታታል። ኑግ ግን አበባው ተለቅ ይላል፣ ከጀርባው ያሉት አረንጓዴዎችም ሰፋፊ ናቸው። ፍሬው ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ሲሆን የመጩ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አጎቴን በስልክ ስጠይቃቸው ግን አንዱንም አላነሱም። «ኑግማ ዘርቼው ነው፣ የት እንዳለ አውቃለሁ» አሉኝ። መሥመር ሳይጠብቅ፣ ከጤፍና ከዳጉሳ መሃል ብቅ ያለውን መጭ ይሉታል። ሳይንስ ባይሆንም ለሪፖርተር የሚጠቅም ምልክት ነው፦ ማሳው ላይ ምን እንደተዘራ ባለቤቱን መጠየቅ።

ንቧ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለባትም፤ ከአደዩም ከመጩም ከኑጉም ትቀስማለች።

የግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጆች ማረሚያ እንዲያወጡ ጠይቄ ፈቀዱልኝ። «በባለፈው እትም አደይ አበባ ተብሎ የወጣው መጭ ነው፤ ማሳውም ያልታረመ ጤፍ ነው» የሚል ሁለት መስመር። አንድ ጓደኛዬ «ለአበባም ማረሚያ ይወጣል እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። የዚያን ዓመት ሌሎች ፎቶዎቼንም መለስ ብዬ ፈተሽኩ። አንዱ ላይ ቅጠሉ ግልጽ ነው፣ አደይ ነው። ሌላው ላይ ከአበባው ፊት በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ ቅጠሉም ጀርባውም ከፍሬሙ ውጪ ቀርቷል። ከሥሩ «ቢጫ የዱር አበባ፣ ዳንግላ አካባቢ» ብዬ ጻፍኩበት።