ቀይ ቀበሮን እንወቀው

ቀበሮ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ግልገል ነጣቂ አውሬ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን በዚህ ስም የሚወቀሰው ያለ በደሉ ነው። በአማርኛ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘር ሐረጉ ለተኩላ የቀረበ ነው። ከአገራችን ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። ስለዚህ መልኩን፣ መኖሪያውንና ጠባዩን በአጭሩ እንመልከት።

መልኩ፦ ጠጉሩ ቀይ ሲሆን ጉሮሮውና የሆዱ ሥር ነጭ ነው። እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ወንዱ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ታንሳለች።

መኖሪያው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ውርጫም አገር ይኖራል። በባሌ፣ በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ተራሮች ይገኛል። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው።

ጠባዩ፦ በመንጋ ይኖራል፤ የሚያድነው ግን በቀን፣ ለየብቻው ነው። ምግቡ በአብዛኛው ፍልፈልና አይጥ ነው፤ በግ የሚነካው ከስንት አንዴ ነው። ማለዳና ማታ መንጋው ተሰብስቦ ወሰኑን ይዞራል። ብዙውን ጊዜ የምትወልደው የመንጋው ዋና ሴት ብቻ ስትሆን፣ ሌሎቹ ለቡችሎቿ ምግብ እያመጡ አብረው ያሳድጋሉ። በጓሳ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ጭላዳዎቹ አይሸሹትም። በዚያ ሲሆን ከ3 ሙከራ 2ቱ ያህል ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከ4 አንዱ ብቻ።

ታዲያ ማንንም የማይበድል ይህ እንስሳ ስለ ምን ይጠፋል? አንደኛው ምክንያት እርሻና ግጦሽ ወደ ተራራው መውጣታቸው ነው። ሁለተኛው ከቤታችን የሚወጣ ነው፤ እርሱም ውሻችን ነው። ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ያጋባበታል። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የተነሣው ወረርሽኝ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። መንጋው ተሰብስቦ የሚኖር በመሆኑ አንዱ ከታመመ በሽታው ወደ ሌሎቹም በቀላሉ ይዛመታል።

እንግዲህ ከእኛ ከወጣቶች ምን ይጠበቃል? ቤተ ሰቦቻችን በደጋ የሚኖሩ ከሆነ ለዕረፍት ስንሄድ ውሻው መከተቡን እንጠይቅ፤ ካልተከተበ እናስከትብ፤ ከብት ተከትሎ ወደ ተራራው እንዳይወጣም እንምከር። ክትባቱ ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን ታናናሽ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንንም ከዚያው በሽታ ያድናል። ይህ ፍጥረት ከዚህ ምድር ከጠፋ ከሌላ አገር የምናመጣው ምትክ የለም።