ለአባትሽ ካርድ ስትሠሪ

ልጄ፣ ለእንቁጣጣሽ የሠራሻቸውን ካርዶች አንድ በአንድ አየኋቸው። እጅሽ ይባረክ! የእናትሽና የአክስቶችሽ ካርድ ዓይን ይስባል። የአባትሽ ጋ ስደርስ ግን ያው አበባ ቀለሙ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። «ለወንድ ምን ተብሎ ይሠራል?» ያልሽኝም ለዚሁ መሆኑ ገባኝ። የእጅ ሥራ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሱብኝ ጥያቄ ይኸው ነበርና የማውቀውን ሳልቆጥብ ልንገርሽ።

፩. ወረቀት ከመቁረጥሽ በፊት ሰውየውን አስቢ

«የወንድ» ተብለው ከውጭ የሚመጡት ማህተሞች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ጢም፣ ከረባት፣ የድሮ መኪና፣ የተጠላለፉ ማርሾች። ክፋት የለባቸውም። ነገር ግን አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ከረባት አስሮ የማያውቅ ሰው ከሆነ ያ ካርድ ስለ እሱ ምንም አይናገርም። ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ፤ ይህ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ከእጁ የማይለየው ዕቃ ምንድን ነው? ሹፌር ቁልፉ፣ ልብስ ሰፊ መቀሱ፣ አናጢ ሜትሩ፣ አስተማሪ ጠመኔው፣ ጡረታ የወጣ አያት ራዲዮውና መነጽሩ። ካርዱ ላይ የሚያርፈው ሥዕል መልሱ ነው። መልሱን ሳታገኚ ጌጥ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በምክንያት ነው። በእኛ ቤት እናት ትመሰገናለች፣ ይዘፈንላታል። አባት ግን «ደህና ነው፣ ተመስገን» ተብሎ ይታለፋል። ልጆቻቸው ድካማቸውን እንዳዩላቸው ሳያውቁ የሚያረጁ አባቶች ብዙ ናቸው። አባትሽ የሚሠራበትን ዕቃ ቀርጸሽ ስትሰጪው ልፋቱን እንዳየሽ ነገርሽው ማለት ነው፤ ፊት ለፊት ለመናገር አፋችን የሚያዝበትን ወረቀት ይናገርልናል።

፪. ካርድ የሴት ነገር ነው የሚልሽን አትስሚ

መስከረም 1 ቀን ሴቶቹ ልጆች «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ በከለር የሳሉትን መልአክ፣ ፀሐይና አደይ አበባ ይዘው የዘመድ የጎረቤቱን በር ያንኳኳሉ። ዛሬ ጸጉሩ የሸበተው የሰፈርሽ ሰው ልጅ ሳለ ጳጉሜን ሙሉ ወረቀት ላይ ተደፍቶ ሲስል ከርሞ ሊሆን ይችላል። ሥዕል ሰጥቶ ሳንቲምና ምርቃት መቀበልን ያውቀዋል። አሁን ተራው የእሱ ነው።

የታተመ የገና ካርድ ንግድ የጀመረውም በወንድ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የተባለ የመንግሥት ሹም፣ ለገና የሚመልሰው ደብዳቤ ስለበዛበት ሠዓሊውን ጆን ሆርስሊን ሥዕል አሠርቶ በብዛት አሳተመ። እሱ ያሳተመው ለመጻፍ ጊዜ ስላጣ ነው፤ አንቺ ደግሞ ጊዜሽን ለመስጠት ነው የምትሠሪው።

፫. ወረቀቱ ይክበድ

80 ግራም የሆነው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ብረት ሲሰቀልበት ይጎብጣል። ከ250 እስከ 300 ግራም የሆነውን ጠይቂ። ኤ4ውን ለሁለት ቆርጠሽ እያንዳንዱን ብታጥፊው 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ ይወጣሻል፤ ሲ6 የሚባለው ፖስታ ውስጥም ሳይጠብበው ይገባል። ከማጠፍሽ በፊት መታጠፊያውን በማስመሪያና ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ ጫን ብለሽ አስምሪው፤ ያለዚያ ወፍራም ወረቀት ጀርባው ይሰነጠቃል።

ቀለሙ ካኪ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ጥቁር ሰማያዊ ይሁን። እኔ ለካኪ አደላለሁ፤ ነሐስ ሲያርፍበት ሁለቱም ይሞቃሉ።

፬. ማህተሙን ራስሽ ቅረጪ

ሰፋ ያለ የተማሪ ላጲስ፣ ስለታም ካተር፣ እርሳስና ስስ ወረቀት ይበቃሻል። ሥዕሉን ስሱ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሳይና ላጲሱ ላይ ደፍተሽ በማንኪያ ጀርባ ፈግፍጊው፤ እርሳሱ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል። ከዚያ የማይታተመውን ክፍል እየቆረጥሽ አውጪ። ስትቆርጪ የካተሩን ስለት ከመስመሩ ወደ ውጭ አዘንብዪው፤ የመስመሩ ሥር ከአናቱ ሰፋ ማለት አለበት። ሥሩ ከሳሳ ጥቂት ከተመታ በኋላ ይገነጠላል።

ከሥዕል ይልቅ የሚያስቸግረው ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ተገልብጦም ሌላ ፊደል ይሆናልና ስህተቱ ቶሎ አይታይም። የ«ባ» ረጅም እግር በቀኝ በኩል ነው፤ ሳትገለብጪ ብትቀርጪው ሲታተም ረጅሙ እግር ወደ ግራ ይዞርና «ቦ» ይሆናል። «አባባ» ብለሽ የቀረጽሽው «ቦቦአ» ሆኖ ይወጣል። «ሰ»ና «በ» ሁለቱ ጎናቸው ስለሚመሳሰል አያጋልጡሽም፤ ራብዕና ሳብዕ ላይ ግን ዓይንሽን ክፈቺ። ካተር ከማንሳትሽ በፊት ላጲሱን መስተዋት ፊት አቁሚው። መስተዋቱ ውስጥ በትክክል ከተነበበ ቁረጪው።

፭. አመታቱን እወቂበት

ማህተሙን ቀለሙ ላይ አታሻሺው፤ ጠቅ ጠቅ አድርጊው። ከካርዱ ሥር ጋዜጣ ደራርበሽ አንጥፊ፣ ቀጥ አድርገሽ ጫኚ፣ ሳትወዘውዢ አንሺ። የመሥሪያ ቤቱን ሐምራዊ ቀለም ተዪው፤ ካርዱን የቢሮ ደብዳቤ ያስመስለዋል።

፮. ወርቃማው ዱቄት ትዕግሥት ይፈልጋል

ኢምቦሲንግ ፓውደር የሚሉት በሙቀት የሚቀልጥ ደቃቅ ዱቄት ነው። ቀልጦ ሲረጋ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ መስመር ይሆናል፤ ጣት ሲነካው ይታወቃል። ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ዱቄቱን አይይዝልሽም፤ ፒግመንት የሚባለውን ወይም ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ቀለም አልባ ቀለም ተጠቀሚ።

አስቀድመሽ ወረቀቱን ታልክ ፓውደር በነካ ጨርቅ ጠረግ አድርጊው። የእጅ ላብና እርጥበት ካለበት ዱቄቱ ባልታሰበ ቦታ ሁሉ ይጣበቃል። ማህተሙን ምቺ፣ ዱቄቱን ነስንሺበት፣ ወረቀቱን አዘንብለሽ ትርፉን ወደ ዕቃው መልሺ፣ ጀርባውን በጣትሽ መታ መታ አድርጊ። የቀሩትን ቅንጣቶች በደረቅ ብሩሽ ልቀሚ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ ያለፍሻት አንዲት ቅንጣት ከቀለጠች በኋላ አትለቀምም።

ሙቀቱን የፀጉር ማድረቂያ አይሰጥሽም። ንፋሱ ይበዛል፣ ግለቱ ያንሳል፤ ዱቄቱን በትኖ ይተውሻል። ሂት ጋን ከሌለሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አግዪና ወረቀቱን በፒንሳ ይዘሽ፣ ጀርባውን ወደ ምድጃው አድርገሽ፣ ሳታስነኪ ከፍ አድርገሽ ያዢው። ሻካራ የነበረው ዱቄት በድንገት ልስልስ ብሎ ሲያበራ ታያለሽ። ያኔ አንሺው። ከዚያ ካለፈ የቀለጠው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና ከፍታውም ብርሃኑም ይጠፋል፣ ወረቀቱም መጠየም ይጀምራል። መስኮት ክፈቺ፤ ሕፃን አጠገብሽ አይሁን።

፯. ብረቱ አንድ ይሁን፣ ከሰውየው ይምጣ

ብዙዎች ካርድ «የወንድ» የሚሆነው በብረት ብዛት ይመስላቸዋል። ሰንሰለት፣ ማርሽ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም አንድ ላይ ይከምሩበታል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ብረት ዓይን ይጎትታል፤ ሁለተኛው ሲጨመር የመጀመሪያውን ይሻማዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያጠፋቸዋል። አንድ ምረጪ፤ ከተቻለም ከራሱ ሕይወት የወጣ ይሁን፦ የሸጣት መኪናው ትርፍ ቁልፍ፣ የቆመ የእጅ ሰዓቱ ጥርስ፣ ከድሮ ካፖርቱ የወደቀ የነሐስ ቁልፍ። የሚፈልገው ዕቃ እንዳይሆን ግን መጀመሪያ እናትሽን ጠይቂ።

ከቤት ካልተገኘ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውረጂ። የተጣለ ብረትና ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ እንደገና ዕቃ በሚሆንበት በዚያ ሰፈር ሮንዴላ፣ ዳዶ፣ ትንንሽ ብሎንና የመዳብ ሽቦ ፈልጊ። በመዳፍሽ መዝነሽ ቀላሉንና ስሱን ምረጪ።

ነሐስና መዳብ ጠቁሮ ካገኘሽው ግማሽ ሎሚ ላይ ጨው ነስንሰሽ ፈትጊው፤ የሎሚው አሲድ ጥቁረቱን ያሟሟዋል። ወዲያው በሳሙና አጥበሽ አድርቂው፤ አሲዱ ከቀረበት ውሎ አድሮ አረንጓዴ ያወጣል። ብረቱ የሚዝግ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዝገቱ ወረቀቱን አበላሽቶ ይበላዋል። ስለዚህ ማናቸውንም ከመስቀልሽ በፊት ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ከፊትም ከኋላም ቀቢው።

ነጭ ኮላ ለብረት አይሆንም፤ ዛሬ ይዞ ነገ ይለቃል። ካርዱን ሁለት ቦታ በስተሽ በቀጭን የመዳብ ሽቦ እሰሪው፣ ከጀርባው በፒንሳ አጣምሪ፣ ጫፉን አስተኝተሽ በሌላ ወረቀት ሸፍኚው። ሲከፍተው ጣቱን እንዳይወጋው።

ምንም መግዣ ከሌለሽ ደግሞ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ አለልሽ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ጎኑ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ አልሙኒየም ስለሆነ በመቀስ ይቆረጣል። አጥበሽ፣ ላዩንና ታቹን ቆርጠሽ ዘርጊው። የተደራረበ ጋዜጣ ላይ ብርማው የውስጥ ፊቱን ወደ ታች አድርገሽ አስቀምጪውና ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ ጫን እያልሽ ሳይበት። ስትገለብጪው ሥዕሉ በብርማው ፊት ላይ አብጦ ይጠብቅሻል። አሁን ጥቁር የጫማ ቀለም ቀቢበትና ወዲያው በጨርቅ ጥረጊው። ጥቁሩ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል፣ ያበጠው ያበራል፤ የመጠጥ ቆርቆሮ የነበረው ነገር ዘመን የጠገበ ብር ይመስላል። እዚህም ፊደል ካለበት በግልባጭ ነው የሚጻፈው። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ዙሪያውን ወደ ኋላ እጠፊው።

፰. ወርቃማና ብርማ አንድ ካርድ ላይ አታገናኚ

ካኪና ቡናማ ወርቃማውን፣ ጥቁርና ሰማያዊ ብርማውን ይፈልጋሉ።

፱. ማህተሙ ለሁሉም፣ ጽሑፉ ለእሱ ብቻ

ለወንድምሽ «እንኳን አደረሰህ» ትያለሽ፣ ለአያትሽ «እንኳን አደረሰዎ»። ሁለቱንም መቅረጽ ድካም ነው፤ አንዱን ብቻ ቀርጸሽ ለሁሉም መምታት ደግሞ ትልቁን ሰው መድፈር ነው። ስለዚህ «መልካም አዲስ ዓመት» ብለሽ ቅረጪ፤ አንተም አንቱም ሳይል ለሁሉም ይሆናል። ለቅርቡም ለታላቁም የሚገባውን አጠራር ውስጡ በእጅሽ ጻፊው።

ከመጽሐፍ የተቀዳ ግጥም አታስገቢ። አይተሽው ለእሱ ነግረሽው የማታውቂውን አንድ ነገር ጻፊ። «አባዬ፣ በዚያ ክረምት ሌሊት እየተነሳህ የሚያፈሰውን ጣሪያ ስትደፍን ነቅቼ አይህ ነበር። ያኔ አላመሰገንኩህም።» ይህን ያህል ይበቃል። ዓይኑ ለደከመ ሰው ፊደሉን ጎላ፣ መስመሩን ራቅ ራቅ አድርጊው።

፲. በፖስታ የሚሄድ ከሆነ

አሜሪካ ያሉት የአጎትሽ ልጆች የአባቶች ቀንን የሚያከብሩት በጁን ወር ሦስተኛ እሑድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ከሰኔ 8 እስከ 14 ባለው ይውላል። በዓሉን እ.ኤ.አ. በ1910 በዋሽንግተን ግዛት ስፖኬን ከተማ ያስጀመረችው ሶኖራ ዶድ ናት፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ልጆቹን ለብቻው ላሳደገ አባቷ ክብር ብላ ነው። በሕግ የጸናው ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። ለአጎትሽ ልጆች አሠራሩን ስታስተምሪያቸው ይህንን አብረሽ ንገሪያቸው፤ በዚያ አገር ደብዳቤ በደብዳቤነት ዋጋ የሚሄደው ውፍረቱ ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሳይበልጥ ነው። በውስጡ ብረት ኖሮበት ወጣ ገባ ያለው ደግሞ በማሽን ስለማያልፍ ተጨማሪ ያስከፍላል። ወፍራም ዳዶ ከመረጡ በእጅ ይስጡት፣ በፖስታ ለሚሄደው የቆርቆሮውን ሥራ ይያዙ። አንቺም በሰው እጅ የምትልኪ ከሆነ ብረቱ ጽሑፉን እንዳይፍቀው በመካከል ስስ ወረቀት አስገቢ፣ ከፖስታው ጀርባ ካርቶን ደግፊለት፣ በዓሉ ሳይደርስም አስቀድመሽ ላኪው።