ሳሙና ልትሠሪ ለተነሣሽው ልጄ

መካነ ሰላም ላይ ሳሙና በቤትሽ ልትሠሪ መነሣትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አብሽሪ፣ የሚያቅትሽ ሥራ አይደለም። ሶዳውን፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን፣ ከመንካትሽ በፊት ግን ይህን አንብቢ።

1. ሚዛን ሳትይዢ አትጀምሪ። እዚያው መካነ ሰላም ያለች የቦረና ሴት ጨው በእጇ ትመጥናለች፣ ሊጡ መድረሱን በዓይኗ ታውቃለች፤ እኔም በዚያ እጅ አድጌያለሁ፣ እኮራበታለሁ። ሳሙና ግን ግምት አይቀበልም። ሶዳው ከበዛ ቆዳ ይልጣል፤ ካነሰ ቅባቱ ሳይለወጥ ቀርቶ ሳሙናው ይልፈሰፈሳል። በጣሳና በብርጭቆም አትስፈሪ፤ ሶዳው ደቀቅ ወይም ገዘፍ ባለ ቁጥር አንድ ጣሳ የሚይዘው ክብደት ይለያያል። በግራም የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን ግዢ፤ ውሃውንም ዘይቱንም በእሱ መዝኚ።

2. ልኩ ይኸውልሽ። እያንዳንዱ ቅባት የራሱን ያህል ሶዳ ይጠይቃል፦ 1 ግራም የከብት ሞራ ወደ 0.14 ግራም፣ 1 ግራም የኑግ ዘይት ወደ 0.135 ግራም። 700 ግራም ቀልጦ የተጠለለ ሞራ ከ300 ግራም የኑግ ዘይት ጋር ብታደርጊ፣ ቅባቱን በሙሉ ለመለወጥ 138 ግራም ገደማ ሶዳ ይፈልጋል። አንቺ 131 ግራም ብቻ አድርጊ። ይህ የ5 በመቶ ቅናሽ ጥቂት ቅባት ያስቀርልሻል፤ ለቆዳ ይለሰልሳል፣ ከትንሽ የሚዛን መዛባትም ይጠብቅሻል። ውሃው 265 ግራም ይሁን። ኑጉን ብቻውን ልሞክረው ካልሽ ሳሙናው አይጠነክርም፣ ቶሎም ይከረፋል፤ ጥንካሬው የሚመጣው ከሞራው ነው። የምትገዢው ሶዳ ንጹሕ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መሆኑን አረጋግጪ፤ ለተዘጋ ቧንቧ የሚሸጠው ሌላ ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል።

3. ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሪ፤ ውሃ በሶዳ ላይ ፈጽሞ አታፍስሺ። ካፈሰስሽ በድንገት ይፈላና ፊትሽ ላይ ይረጫል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሶዳው ሲሟሟ ያለ እሳት እስከ 80 ዲግሪ ሊግል ይችላል። እንፋሎቱ ጉሮሮ ስለሚቆጠቁጥ ከቤት ውጭ ሥሪ። ዓይንሽን በመከላከያ መነጽር፣ እጅሽን በጎማ ጓንት ሸፍኚ። በየቤታችን ያለው ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ሶዳ ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ወፍራም ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ተጠቀሚ። ቆዳሽ ላይ ቢረጭ ኮምጣጤ ፍለጋ አትሩጪ፤ በብዙ ውሃ እጠቢው። ዓይንሽ ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ አጥበሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ።

4. የተረፈ ሶዳ በሃይላንድ (በውሃ ፕላስቲክ) አታስቀምጪ። ይህን እለምንሻለሁ። የሟሟ ሶዳ ከውሃ አይለይም፣ ደረቁም ስኳር ይመስላል። ልጅ ቢጎነጨው ጉሮሮውን ያቃጥለዋል፤ ቁስሉ ሲድን ጉሮሮው ይጠብና ምግብ አላሳልፍ ይላል። የጠጣ ልጅ ቢያጋጥምሽ እንዲያስመልስ አታድርጊ፣ ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥላልና፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰጂው።

5. የቀለጠው ቅባትም የሶዳው ውሃም ወደ 45 ዲግሪ ሲበርዱ፣ የሶዳውን ውሃ ቀስ እያልሽ ቅባቱ ላይ ጨምሪና አማስዪ። በእጅ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። እንደ አጥሚት ወፍሮ፣ ከማማሰያው የሚወርደው ጠብታ ከላይ መስመር ሲተው ደርሷል። ወደ ቅርጽ ማውጫው ገልብጪና ከደጋው ብርድ እንዲጠበቅ በብርድ ልብስ ሸፍኚው።

6. በክረምት አትጀምሪ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉምና እርጥበት ስለሚበዛ ሳሙናሽ አይደርቅልሽም፤ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ። በሁለተኛው ቀን ጓንትሽን አድርገሽ ቁረጪው፣ ከዚያ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቆዪው። ሶዳው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልቃል፤ የቀረው ጊዜ ውሃው ወጥቶ ሳሙናው እንዲጠነክርና በእጅ ላይ ቶሎ እንዳያልቅ ነው።

7. ሳሙና ሠሪ ሆንኩ ብለሽ እንዶድን አትናቂ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚ ስለሆነ ነገሩን አጥብቀው መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። ያን ሁሉ ምርምር ያስነሣው የእናቶቻችን የልብስ ማጠቢያ ነው። እንዶድ ለጋቢና ለነጠላ ይሁን፤ ዓይን ይቆጠቁጣልና ለፊት በምትሠሪው ሳሙና ውስጥ አትጨምሪው።

8. መሸጥ ስትጀምሪ ማድያት ያጠፋል፣ ቡጉር ያድናል እያልሽ አታስተዋውቂ፤ ሳሙና ያጸዳል፣ ይበቃዋል። ሞራ እንዳለበት ግን ለገዢው ሁሉ ንገሪ። በእኛ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈር ይኖራል፣ እርዱ ግን ለየብቻ ነው። ሞራውን ከየትኛው ሥጋ ቤት እንዳመጣሽ ሳይጠይቁሽ ተናገሪ። አልፈልግም ለሚልም በሚጠነክር የአትክልት ዘይት ብቻ የተሠራ ለይተሽ አዘጋጂለት፤ የሶዳውን ልክም ለዚያ ዘይት እንደገና አስዪ።