የመረጃ ብዛትና የግምገማ ስሕተት፦ የሜጄር ጄኔራል ኤሊ ዘይራ የኃላፊነት ዘመን (1972–1974 እ.ኤ.አ.)

አንድ ሀገር ባልጠበቀው ጦርነት ሲጠቃ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው ከመረጃ እጥረት ጋር ይያያዛል። የእስራኤል ወታደራዊ መረጃ ክፍል (አማን) ኃላፊ የነበሩት የሜጄር ጄኔራል ኤሊ ዘይራ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በቂ መረጃ የነበረው ተቋም ለምን ሊያስጠነቅቅ እንዳልቻለ መመርመር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘይራ ኃላፊነቱን የተረከቡት በኦክቶበር 1972 ነበር። ተቋሙ በወቅቱ «ጽንሰ ሐሳቡ» በሚባል የግምገማ መሠረት ይመራ ነበር። በዚህ መሠረት ግብፅ የእስራኤልን መሐል ሀገር መምታት የሚችሉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችና ስከድ ሚሳኤሎች ሳታገኝ፣ ሶርያም ያለ ግብፅ ወደ ጦርነት አይገቡም። ሐሳቡ ከታመነ የካይሮ ምንጭ የተገኘ እንጂ በግምት ብቻ የተፈጠረ አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያው ወር ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት በእጅ ባለው መሣሪያ ለመዋጋት መወሰናቸውን ለጄኔራሎቻቸው አስታወቁ፤ የተቃወሙትንም የጦር ሚኒስትር ከሥልጣን አነሡ። ዘይራ የወረሱት ሐሳብ መሠረቱን ያጣው እንግዲህ በተሾሙበት ወር ነበር።

በ1973 የጸደይ ወራት ግብፅ ጦሯን ስታንቀሳቅስ የእስራኤል ሠራዊት በተጠንቀቅ ቆመ። ዘይራ የጦርነቱ ዕድል ዝቅተኛ መሆኑን ገለጹ፤ ጦርነትም አልተነሣም። ይህ ስኬት ሐሳቡን ከጥያቄ በላይ አደረገው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ምልክቶች ሁሉ በዚሁ ሚዛን ተመዘኑ። ሴፕቴምበር 25 የዮርዳኖስ ንጉሥ ሑሴን ለጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየር አስጠነቀቁ። በኦክቶበር 1 እና 3 የደቡብ ዕዝ የመረጃ መኮንን ሌተናንት ቢንያሚን ሲማን ቶቭ፣ የግብፅ ልምምድ የጦርነት ሽፋን ሊሆን እንደሚችል ጻፉ፤ ሪፖርታቸው ከዕዙ አልወጣም። የሶቪየት ቤተሰቦች ከካይሮና ከደማስቆ በድንገት ሲወጡም የአማን ድምዳሜ አልተለወጠም። ኦክቶበር 6 ጦርነቱ ፈነዳ፤ ከ2,600 በላይ እስራኤላውያን ወታደሮች ሞቱ።

የአግራናት ኮሚሽን በኤፕሪል 1974 ባቀረበው ጊዜያዊ ሪፖርት መሠረት ዘይራ ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ሆኖም ኮሚሽኑ በግለሰብ ጥፋት ብቻ አልተወሰነም፤ ሀገራዊ ግምገማ በአንድ ተቋም እጅ መጠቃለሉንም ነቅፏል። በመሆኑም የሞሳድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የምርምር አቅም ተጠናከረ፤ በአማን ውስጥም ገዥውን ሐሳብ የሚሞግት የቁጥጥር ክፍል ተቋቋመ።

ከዚህ የሚወሰደው ድምዳሜ ግልጽ ነው። ትናንት እውነት የነበረ መረጃ ዛሬም እውነት መሆኑ በየጊዜው ካልተፈተነ፣ የምንጩ ታማኝነት ራሱ ስሕተትን ያጸናል።