ለጠያቂው መልስ ስለ መስጠት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዐቢይ ጾም ወራት አትላንታ ውስጥ በየሥራ ቦታችን አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። ምሳ ሲቀርብ ሥጋውንም፥ እንቁላሉንም፥ ቅቤ የነካውንም ወደ ጎን ስናደርግ የሥራ ባልደረባችን ያይና ምክንያቱን ይጠይቀናል። ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ባህላችን ነው» እንላለን። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በር ይዘጋል። ባህል የባለቤቱ ነውና እንግዳው ሊገባበት አይደፍርም። እምነት ግን ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ስለ እምነት መመስከር የካህናት ብቻ ሳይሆን የምእመናንም ድርሻ መሆኑን፥ እንዴትም እንደሚፈጸም በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

ሀ. የተበተኑት ምእመናን

«ይህ የቄሱ ሥራ ነው፤ እኛ አልተማርንም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሐዋርያትን ሥራ ለሚያነብ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ባረፈ ጊዜ በኢየሩሳሌም ታላቅ ስደት ሆነ። በምዕራፍ 8 ቁጥር 1 እንደተገለጸው ሐዋርያት በከተማይቱ ቀርተዋል፤ የተበተኑት ሌሎቹ ምእመናን ናቸው። እነዚህ ስደተኞች በየደረሱበት ቃሉን ተናገሩ። አንዳንዶቹም አንጾኪያ ገብተው ለግሪክ ሰዎች ስለ ጌታ በመመስከራቸው ብዙ ሕዝብ አመነ (ምዕ. 11፥19-21)። ደቀ መዛሙርት ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን የተባሉትም በዚያች ከተማ ነው። የእነዚያ ሰዎች ስም እንኳ አልተጻፈልንም። ቤት ንብረታቸውን ጥለው ወጥተዋል፤ እምነታቸውን ግን ይዘው ወጥተዋል። የስደትን ኑሮ ለምናውቅ ለእኛ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ለ. አባ ሰላማ ከመሾማቸው በፊት

የራሳችንም ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ሐምሌ 26 ቀን በዓላቸውን የምናከብረው ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ መጀመሪያ ወደ አክሱም የገቡት ጳጳስ ሆነው አልነበረም። ፍሬምናጦስ የተባሉ የጢሮስ ልጅ ሳሉ፥ የተሳፈሩባት መርከብ ሰዎች በባሕሩ ዳር ሲገደሉ፥ ከኤዴስዮስ ጋር ተርፈው በምርኮ ወደ ንጉሡ ቤት ተወሰዱ። ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደሚተርከው፥ በቤተ መንግሥት ኃላፊነት በተሰጣቸው ጊዜ በአገሩ የሚነግዱትን ክርስቲያኖች እየፈለጉ የጸሎት ቦታ እንዲያበጁ ይረዱአቸው ነበር። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ገና ጳጳስ አልነበሩም። ወደ እስክንድርያ ወርደው ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ እንዲላክ ቅዱስ አትናቴዎስን የለመኑት፥ ራሳቸውም የተሾሙት ከዚያ በኋላ ነው። ጵጵስናው የመጣው በምርኮኛ እጅ የተተከለውን ለማጽናት ነበር።

እምነታችን የኢትዮጵያውያን ብቻ አለመሆኑንም በቅርብ ዘመን አይተናል። በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት በ1970 እ.ኤ.አ. ወደ ጃማይካ ተልከው ብዙዎችን አጥምቀዋል። እነዚያ ሰዎች አማርኛ አያውቁም ነበር፤ ጥምቀቱን ግን ወደዱ።

ሐ. እንዴት እንመስክር?

1. አስቀድመን እንወቅ። ረቡዕን የምንጾመው በጌታ ላይ የሞት ምክር የተመከረበት፥ ዓርብን የምንጾመው የተሰቀለበት ቀን ስለሆነ ነው። ከዐቢይ ጾም 55 ቀናት 40ው ጌታ በምድረ በዳ የጾመው፥ የመጨረሻው ሳምንት ሕማሙን የምናስብበት ነው። ይህን ያህል ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

2. በትሕትና እንናገር። ጆርጂያ አብያተ ክርስቲያናት የበዙባት አገር ናት፤ ጎረቤታችን መጽሐፍ ቅዱስን ከእኛ ይልቅ ያነበበ ሊሆን ይችላል። ዲያቆን ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ባገኘው ጊዜ የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው፤ ከዚያም ሰውየው ካነበበው ክፍል ጀምሮ አስረዳው። የሌላውን እምነት አላንቋሸሸም። እኛም ክርክር ለማሸነፍ አንድከም።

3. የማናውቀውን ለካህን እንተው። «ይህን አላውቅም፤ አባን ጠይቄ እነግርሃለሁ» ማለት አያሳፍርም። እንድርያስ ለወንድሙ ለስምዖን ረጅም ስብከት አልሰበከም፤ ወደ ጌታ አመጣው እንጂ። እንግዳ ወደ ቅዳሴ ስንጋብዝም ብቻውን አንተወው፤ ጫማ የሚወለቅበትን እናሳየው፥ አጠገቡ ቆመን የሚደረገውን በቀስታ እንንገረው፥ ቅዱስ ቍርባን ተጠምቀውና ተዘጋጅተው ለሚቀርቡ መሆኑንም እንዳያዝን አስቀድመን እናስረዳው።

4. ከቤታችን እንጀምር። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀን የራሳችን ልጅ ነው፤ የሚጠይቀንም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ለእርሱም «ባህላችን ነው» ካልነው፥ ነገ ከቤት ወጥቶ ሌላ ከተማ ለትምህርት ሲሄድ፥ ያንን ባህል ከአማርኛው ጋር እኛው ቤት ትቶት ይሄዳል። ክርስቶስ ስለ እርሱ መሞቱን በሚገባው ቋንቋ ከነገርነው ግን፥ ጾሙም ጸሎቱም የራሱ ይሆናል።

ውድ ምእመናን፥ ወደዚህ አገር ያመጣን ምክንያት የተለያየ ነው፤ መምጣታችን ግን ያለ እግዚአብሔር ፈቃድ አልሆነም። በሚቀጥለው ረቡዕ አንድ ሰው ስለ ምሳችን ቢጠይቀን እውነተኛውን ምክንያት እንንገረው። የተበተኑትን ምስክሮቹ ያደረገ አምላክ እኛንም ለምስክርነቱ ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።