ከመረብ በተነጠለ ኮምፒዩተር ላይ የሊኑክስ ሰርቨር ተከላ፦ የምርምር መረጃ ለሚያስቀምጡ የትምህርት ክፍሎች

በሰዎች ተሳትፎ የሚካሄድ ምርምር የሚያፈራው መረጃ፣ ማለትም የቃለ መጠይቅ ድምፅ፣ የሕክምና መዝገብ ቅጂ፣ የተሳታፊዎች ስምና አድራሻ፣ በስምምነት ቅጹ ላይ በተገባ ቃል የታሰረ ነው። መረጃው ከአጥኚው ቡድን እጅ እንደማይወጣ ለተሳታፊው ይነገረዋል። ፋይሎቹ በየተማሪው ላፕቶፕና ፍላሽ ላይ ተበትነው ሲገኙ ግን ያ ቃል ትርጉሙን ያጣል። ለዚህ ችግር ከሚሰጡት መፍትሔዎች አንዱ ከማናቸውም መረብ የተነጠለ ኮምፒዩተር በተቆለፈ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ የሊኑክስ ሰርቨር ስርዓተ ክወና መጫን ነው። በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ እያንዳንዱ ተመራማሪ የራሱ መለያና የተወሰነ ፈቃድ ይኖረዋል፤ ማን መቼ እንደገባም በሥራ መዝገብ ይጻፋል።

የተለመዱት የተከላ መመሪያዎች ማሽኑ ኢንተርኔት አለው ከሚል ግምት ይነሳሉ። ግምቱ በግልጽ አይነገርም፤ ነገር ግን የጎደሉ ፓኬጆችን የሚያመጣው፣ ሰዓቱን የሚያስተካክለው፣ የደኅንነት ማሻሻያዎችን የሚያደርሰው መረቡ ነው። መረቡ ሲነሳ እነዚህ ሥራዎች አይቀሩም፤ ወደ ተካዩ ሰው ይተላለፋሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚያን የተላለፉ ሥራዎች ከነምክንያታቸው ማሳየት ነው። አዝራር በአዝራር የሚመራ ገለጻ መጫኛው ራሱ ስለሚሰጥ እዚህ አይደገምም።

ለምሳሌነት የተወሰደው ዴቢያን ነው። የተመረጠበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሰፊው የሶፍትዌር ክምችቱ በዲስክ ምስል መልክ ስለሚገኝ ያለ መረብ ሊሠራበት ይችላል። ፕሮጀክቱ ከሚያቀርባቸው የመጫኛ ምስሎች መካከል «ኔትኢንስት» የሚባለው ትንሹ ምስል መሠረታዊውን ስርዓት ብቻ ይዞ ቀሪውን ከኢንተርኔት ይስባል። የመጀመሪያው የዲቪዲ ምስል ግን ወደ 4 ጊጋባይት የሚጠጋ ሲሆን ለአንድ ሰርቨር የሚያስፈልጉትን አብዛኞቹን ፓኬጆች በውስጡ ይዟል። ለተነጠለ ማሽን መውረድ ያለበት ይህኛው ነው። በቆየ ዲቪዲ መጀመርም አይመከርም፤ የአንዳንድ መሣሪያዎች ፈርምዌር በይፋዊው የመጫኛ ምስል ውስጥ መካተት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ከተደረገው የአባላት ድምፅ በኋላ፣ በ2023 በወጣው ዴቢያን 12 ነውና። ኡቡንቱ ሰርቨርን የለመደ ክፍል በእሱ ቢቀጥል ስሕተት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24.04 መደበኛ ድጋፉ 5 ዓመት ነው።

ምስሉ የሚወርደው ኢንተርኔት ባለው ሌላ ኮምፒዩተር ነው፤ የሚመረመረውም እዚያው ነው። ከምስሉ ጋር የሚቀርበው የማረጋገጫ ድምር ፋይሉ በመንገድ እንዳልተበላሸ ያሳያል፤ ከትክክለኛው ምንጭ መምጣቱን ግን አያሳይም፤ ምስሉን ለመለወጥ የቻለ ሰው ከጎኑ የተጻፈውን ድምርም ሊለውጥ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ ጎብኚዎች የኋላ በር የተከፈተበት ምስል እንዲያወርዱ መደረጉ ይህ ሥጋት በተግባር የታየ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ የድምሩ ፋይል የተፈረመበትን ዲጂታል ፊርማ በፕሮጀክቱ ይፋዊ ቁልፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ምስሉ ወደ ፍላሽ ይጻፋል። እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ፦ ምስሉን እንደ ተራ ፋይል ፍላሹ ላይ መገልበጥ ፍላሹን አያስነሳውም፤ ለዚሁ በተዘጋጀ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ሴክተር ጀምሮ መጻፍ አለበት፤ በፍላሹ ላይ የነበረውም ሁሉ ይጠፋል።

ተከላው ሲጀመር መጫኛው መረብ ይፈልጋል፤ አያገኝም። በዚህ ጊዜ የሚመረጠው «መረቡን አሁን አታዋቅር» የሚለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን የኢንተርኔት ክምችት ጥያቄም እንዲሁ አሉታዊ መልስ ሰጥቶ ማለፍ ይገባል። የስር ተጠቃሚውን የይለፍ ቃል ባዶ ትቶ ማለፍ ይመረጣል፤ ዴቢያን ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ተራ ተጠቃሚ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ስለሚሰጠው፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ የአስተዳደር ትእዛዝ ከሰጪው ስም ጋር በመዝገብ ይያዛል። ብዙ ሰዎች አንድ የስር ይለፍ ቃል በሚጋሩበት ክፍል ውስጥ ይህ ዱካ አይገኝም።

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የዲስክ አከፋፈል ነው። ሌላው ውሳኔ ሁሉ ከተከላ በኋላ ያለብዙ ድካም ይታረማል፤ የዲስክ አከፋፈል ግን መረጃ ከገባ በኋላ ለመለወጥ እጅግ ያስቸግራል። 2 እኩል ዲስኮች ካሉ በመስታወት ጥንድነት፣ ማለትም በሬይድ 1፣ ማያያዝ ይገባል፤ በጥንዱ ላይ ምስጠራ፣ በምስጠራው ላይ ደግሞ ሎጂካዊ ክፍልፍሎች ይሠራሉ። ይህ ቅደም ተከተል ሲጠበቅ አንድ የይለፍ ሐረግ ሁሉንም ይከፍታል፤ ከሜሞሪ ተርፎ ወደ ዲስክ የሚጻፈው የስዋፕ ክፍልም በምስጠራው ውስጥ ይወድቃል። የመረጃውን ክፍል ብቻ መስጥሮ ስዋፑን ክፍት መተው በሩን ቆልፎ መስኮቱን እንደ መርሳት ነው፤ የተከፈተ ፋይል ይዘት በዚያ በኩል ያለ ምስጠራ ሊጻፍ ይችላል።

የአንዳንድ መጠኖች ነባሪ ምርጫ አሳሳች ነው። የቆየው የዲስክ ማውጫ ዘዴ ሴክተሮችን በ32 ቢት ስለሚቆጥርና እያንዳንዱ ሴክተር በተለምዶ 512 ባይት ስለሆነ ከ2 ቴቢባይት በላይ ያለውን ቦታ መጠቀም አይችልም፤ ለትልቅ ዲስክ አዲሱ ጂፒቲ ግድ ነው። የኤክስት4 ፋይል ስርዓት ከጠቅላላው ቦታ 5 በመቶውን ለስር ተጠቃሚው ያስቀራል፤ በ4 ቴራባይት ዲስክ ላይ ይህ 200 ጊጋባይት ያህል ነው። ለስርዓቱ ክፍል መጠባበቂያው ጠቃሚ ነው፤ ለመረጃው ክፍል ግን ወደ 1 በመቶ ዝቅ ቢል ጉዳት የለውም። በኡቡንቱ ሰርቨር ደግሞ መጫኛው በራሱ ሲከፋፍል በትልቅ ዲስክ ላይ ለስርዓቱ 100 ጊጋባይት ብቻ ወስዶ ቀሪውን ሳይመድብ ይተወዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ዲስኩ የተበላሸ ወይም የተጭበረበረ ሊመስለው ይችላል። የሥራ መዝገቦች የሚከማቹበት «ቫር» ከመረጃው ክፍል መለየት አለበት፤ አንድ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ የስሕተት መልእክት ቢጽፍ የሚሞላው የራሱ ክፍል ብቻ እንዲሆን ነው።

ስለ ሬይድ 1 የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። መጫኛው ማሽኑ የሚነሳበትን የኢኤፍአይ ክፍል በሁለተኛው ዲስክ ላይ በራሱ አያባዛም። የመጀመሪያው ዲስክ ሲሞት መረጃው በሁለተኛው ላይ ደኅና ሆኖ ሳለ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። በሁለተኛው ዲስክ ላይ ተመሳሳይ ክፍል ማዘጋጀት፣ ይዘቱን መገልበጥና በማሽኑ የማስነሻ ዝርዝር ውስጥ ማስመዝገብ የተካዩ ሥራ ነው።

ምስጠራው የራሱን ግዴታ ያስከትላል። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ሰርቨሩ የይለፍ ሐረጉን የሚያስገባ ሰው ይጠብቃል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ አሰልቺ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ሐረጉን በማሽኑ ውስጥ አስቀምጦ በራሱ እንዲከፈት ማድረግ ምስጠራውን ከንቱ ያደርገዋል። የተሻለው መንገድ በባትሪ የሚሠራ ዩፒኤስ ማቆምና ሐረጉን ከአንድ በላይ ሰው እንዲያውቅ ማድረግ ነው። የሉክስ ምስጠራ ለአንድ ዲስክ ከአንድ በላይ ሐረግ ስለሚቀበል ኃላፊውና ረዳቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይይዛሉ፤ ተመርቆ የሚሄድ ተማሪ ሐረግም ብቻውን ይሰረዛል። በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለው የምስጠራ ራስጌ ከተበላሸ ትክክለኛው ሐረግ እንኳ አይጠቅምም። የራስጌው ቅጂ 16 ሜቢባይት ያህል ብቻ ስለሆነ ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጦ በካዝና ማስቀመጥ የሚጠይቀው ድካም ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የሰዓት ጉዳይ አለ። ከመረብ የተነጠለ ማሽን ሰዓት በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ክብ ባትሪ ይጠበቃል፤ ባትሪዋ ስትደክም ኮምፒዩተሩ ወደ ቆየ ዓመት ይመለሳል። ውጤቱ የተዘበራረቀ የፋይል ቀን ብቻ አይደለም። ወደ ኋላ የቀረ ማሽን በፍላሽ የመጣለትን የፓኬጅ ማውጫ ገና ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ሊመልሰው ይችላል፤ በአንጻሩ የማብቂያ ቀን የተጻፈበት የደኅንነት ማውጫ በቦርሳ ውስጥ ለሳምንታት ከቆየ ጊዜው አልፎበት ውድቅ ይሆናል። የማሽኑ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ተሞልቶ የአዲስ አበባ የሰዓት ክልል በስርዓቱ ውስጥ ይመረጣል፤ ልዩነቱ 3 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ የአገራችን አቆጣጠር አንድ እርምጃ ይጨምራል፦ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት የሆነው በስርዓቱ አቆጣጠር 14 ሰዓት ነው፤ በማዘርቦርዱ ላይ የሚጻፈው ግን 11 ሰዓት ነው። ቃለ መጠይቆች በጊዜ ቅደም ተከተል የሚተነተኑ ከሆነ ይህ ስሕተት ወደ ውጤቱ ይዘልቃል።

በአማርኛ ለሚሰይሙ ተመራማሪዎችም አንድ ገደብ ማወቅ ይጠቅማል። ኤክስት4 ለፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ አንድ የፊደላችን ሆሄ በዩቲኤፍ-8 የሚወስደው 3 ባይት ነው። ስለዚህ በላቲን ፊደል 255 ሆሄ የሚፈቀድበት ስም በአማርኛ 85 ሆሄ ላይ ይቆማል። የቦታ፣ የቀንና የተጠያቂ መለያ በአንድ ስም ውስጥ የሚያጭቁ ቡድኖች ገደቡ ላይ መድረሳቸው አይቀርም። ስዕላዊ ገጽ በሌለው የሰርቨር ማያ ላይ ፊደላችን በባዶ ሳጥኖች ሊተካ ይችላል፤ ይህ የፎንት ጉድለት ነው እንጂ ፋይሉ አልተነካም።

ማሽኑ ተነጥሏል ማለት ማሻሻያ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው ስታክስኔት ከኢንተርኔት ወደተለዩ ኮምፒዩተሮች በፍላሽ አማካይነት ጭምር እንዲዛመት የተሠራ ነበር፤ በእኛ ማሽን ላይም የሚገባና የሚወጣው ነገር ሁሉ በፍላሽ ነው። ስለዚህ ለዚህ ተግባር ብቻ የተመደበና ምልክት የተደረገበት ፍላሽ ያስፈልጋል። ለማሻሻያው «አፕት-ኦፍላይን» የተባለው መሣሪያ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፦ የተነጠለው ማሽን የሚያስፈልገውን በዝርዝር ይጽፋል፣ ኢንተርኔት ያለው ኮምፒዩተር ዝርዝሩን አይቶ ያወርዳል፣ ፍላሹ ይመለሳል። የማውጫው ፊርማ በማሽኑ ላይ አስቀድሞ ባሉት የዴቢያን ቁልፎች ስለሚመረመር በመንገድ የተነካካ ፓኬጅ ተቀባይነት አያገኝም። ይህ ምርመራ ግን ፓኬጆችን ብቻ ይመለከታል፤ ተመራማሪው በዚያው ፍላሽ ያመጣውን ሰነድ አይሸፍንም።

እውነተኛ መረጃ ከመግባቱ በፊት ማሽኑ መፈተን አለበት። ትርጉም በሌላቸው ፋይሎች ይሞላ፤ ከዚያም ጠፍቶ የመጀመሪያው ዲስክ ይነቀልና በሁለተኛው ብቻ መነሳቱ ይታይ። ሬይድ የዲስክን ሞት ይሸፍናል እንጂ በስሕተት የተሰረዘን ፋይል ወይም የተሰረቀን ማሽን አይሸፍንም፤ በመሆኑም በተመሰጠረ ውጫዊ ዲስክ ላይ የተያዘው መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ ይከፈት። ይህን የመጨረሻውን ፈተና ስርዓቱን ያልተከለው ሰው፣ በወረቀት በተጻፈው መመሪያ ብቻ እየተመራ ቢያደርገው ይመረጣል። ከተቸገረ መታረም ያለበት ወረቀቱ ነው።